ላፕቶፕ ከመግዛታችን በፊት

(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ አሳቤን እንድገልጽ ዕድል ሲሰጠኝ፣ ስለ ጓደኝነት ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን እነዚህን ጉዳዮች ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በሚገባ ጽፈዋቸዋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ነገር ከገበያ የመጣ ነው፤ ይኸውም ለንግድና ለግራፊክስ ሥራ የሚሆን የመጀመሪያ ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል የሚለው ነው። ጉዳዩ ተራ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በሲግናልና በአካባቢው ከምንኖር ተማሪዎች መካከል ከትምህርት በኋላ የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣ የካፌ ሜኑ ወይም የሱቅ ታፔላ ዲዛይን እየሠራ ቤተ ሰቡን ለመርዳት የሚመኝ ብዙ ነው። ስለዚህ ብንነጋገርበት የሚጠቅም ይመስለኛል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ገንዘቡ ነው። ላፕቶፕ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገቢው በዚያው ልክ ያልጨመረለት ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በእቁብ ነው። የእቁብ ዕጣ ደግሞ በየወሩ አትወጣም። አንዲት እናት ወር በወር ስትጥል የኖረችው ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ በማይሆን ዕቃ ላይ ቢፈስ፣ የሚጠፋው ብሩ ብቻ አይደለም፤ ልጇ ሊጀምረው የነበረው ሥራም አብሮ ይጠፋል።

በእኛ ቤት የሆነውን ለምሳሌ ያህል ላቅርብ። ታላቅ እኅቴ ባለፈው ዓመት ሲግናል ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ጀመረች። ደንበኞቿ “ሎጎ ትሠሪያለሽ ወይ? ባነርስ?” እያሉ ሲመላለሱባት፣ እናቴ የእቁብ ዕጣቸው ሲደርሳቸው ገንዘቡ ለላፕቶፕ እንዲውል ወሰኑ። ወዲያውም ቤታችን በመካሪ ተሞላ። አባቴ “ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ካልሆነ አልስማማም” አሉ። የአጎቴ ልጅ ኪቦርዱ በቀይና በአረንጓዴ መብራት የሚያበራ የጌም ላፕቶፕ እንዲገዛ ለመነ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ “ዲዛይነር ያለ ማክ ዲዛይነር አይባልም” ሲሉ ፈረዱ። እኔ የኮምፒዩተር ክበብ አባል በመሆኔ ጉዳዩን እንዳጠና ታዘዝሁ። ሁሉም ስለ ዕቃው ሲናገሩ፣ ስለ ሥራው የተናገረ አንድም ሰው እንዳልነበረ አስተዋልሁ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ማምሻውን እኅቴ ሱቅ እየተቀመጥሁ ደንበኛ የሚጠይቀውን ሁሉ በደብተር መዘገብሁ።

በደብተሩ ላይ የሰፈረው የሚከተለው ነበር። የጥሪ ወረቀት፣ ሜኑ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ስቲከር፣ ባነር፣ ሲቪና ልዩ ልዩ ደብዳቤ፤ ከዚህም ጋር እኅቴ ራሷ የምትፈልገው የዕለት ሽያጭና የዱቤ መዝገብ። ቪዲዮ እንዲቀናበርለት የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ጌምማ ጨርሶ አልተነሣም። ይህ ዝርዝር የቤታችንን ክርክር ከግማሽ በላይ ዘጋው። እኔም ከዚህ ተነሥቼ አንድ አሳብ ላይ ደረስሁ፤ ይኸውም የመጀመሪያ ላፕቶፕ የሚመረጠው በስሙ ወይም በአዲስነቱ ሳይሆን ገንዘቡን በሚመልሰው ሥራ ነው የሚል ነው። ለንግድና ለኅትመት ዲዛይን ጀማሪ ደግሞ በቢሮ ያገለገለ ጠንካራ ላፕቶፕ፣ በዚያው ዋጋ ከሚገኝ ደካማ አዲስ ላፕቶፕ ይበልጣል። ይህን የመጨረሻውን አባባል ብዙ ወላጆች በቀላሉ እንደማይቀበሉት ዐውቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቴን በተራ አቀርባለሁ።

በሬ የሚገዛ ገበሬ በቆዳው ቀለም አይወስንም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ አስነሥቶ ያስኬደዋል። ላፕቶፕም እንደዚሁ ውስጡ መታየት አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ነው። በገበያችን “አይ 7 ነው” ከተባለ ነገሩ ሁሉ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቁም ነገሩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኮር አይ 7-7500ዩ የሚባለው 7ኛ ጄኔሬሽን ሲሆን ያሉት ኮሮች 2 ብቻ ናቸው። ኮር አይ 5-8250ዩ ግን 8ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ ስሙ ዝቅ ያለ ቢሆንም 4 ኮሮች አሉት። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ይህ 8ኛው ጄኔሬሽን ቀላል ላፕቶፖችን ከሁለት ወደ አራት ኮር ያሸጋገረ ስለሆነ፣ እኔ ከዚያ በታች ያለውን ባትገዙ እመክራለሁ።

ለዚህም ሌላ ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ያለውን ነው። እንግዲህ ዛሬ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን የሚገዛ ሰው የደንበኞቹን ፋይልና የሱቁን ሒሳብ በቂ ጥበቃ በሌለው መኪና ላይ ማስቀመጡ ነው። እዚህ ላይ ልታስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እንደ ዴል ላቲቱድ 5490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5ና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 ያሉት ታዋቂ የቢሮ ላፕቶፖች በ8ኛው ብቻ ሳይሆን በ7ኛው ጄኔሬሽን ፕሮሰሰርም ተሠርተዋል። ስለዚህ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ስም አይታችሁ አትርኩ፤ አስከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ።

ሁለተኛው ራም ነው። ይህን በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንድ የኤ 4 ወረቀት ለኅትመት በሚያስፈልገው ጥራት፣ ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ሲዘጋጅ ወርዱ 2480፣ ቁመቱ 3508 ነጥብ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይወጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ለአራቱ የኅትመት ቀለሞች 4 ባይት ስለሚይዝ፣ አንዱ ሌየር ብቻ 35 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ የሠርግ ጥሪ 20 ሙሉ ሌየር ቢኖረው 700 ሜጋባይት ደረሰ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዊንዶውስ ራሱ፣ ኤክሴል፣ ክሮምና ቴሌግራም ተከፍተዋል። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት፣ ቢቻል 16 ጊጋባይት ራም ያስፈልጋል የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ ካነሰ 8 ጊጋባይት ይዞ መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን በኋላ የሚጨመርበት ባዶ ቦታ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። በብዙ ርካሽ አዲስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ 4 ጊጋባይት የተገዛው ዕድሜ ልኩን 4 ጊጋባይት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስጽፍ በሰፈራችን ያለ አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። ቤተ ሰቡ “አዲስ ይሻላል” ብለው ሴሌሮን ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ከካርቶኑ ከፍተው ሰጡት። ለደብዳቤና ለኢንተርኔት መልካም ነበር። የባነር ፋይል ሲከፈት ግን ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይቆማል። በጥቂት ወራት ውስጥ ደንበኞቹ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ፤ ላፕቶፑም በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። መሣሪያውና ሥራው ባለመገናኘታቸው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስክሪን ነው፤ በእኔ አስተያየት በገበያችን እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው። ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች ስክሪናቸው 1366 በ 768 ነጥብ ነው። 1920 በ 1080 የሆነው ከዚያ እጥፍ ያህል ነጥብ አለው፤ ስለዚህ ሜኑውንና የመሣሪያዎቹን ሳጥን ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት ያስችላል። ከዚህም ሌላ የስክሪኑ ዓይነት አይፒኤስ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የሰው ፊት ያለበት ፎቶግራፍ ከፍታችሁ ከጎንና ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱት፤ ቀለሙ የሚጠቁር ወይም የሚገረጣ ከሆነ ለዲዛይን አይሆንም። እኔ በበኩሌ አንድ የታተመ የጥሪ ወረቀትና ፋይሉን በፍላሽ ይዤ መገናኛ ወዳሉት ሱቆች ሄድሁ፤ በየስክሪኑ ላይ እየከፈትሁም ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁ። ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው ስሻገር የነበረው ልዩነት ዓይን ላለው ሁሉ የሚታይ ነበር። እርግጥ ስክሪን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ቀለም ሲሠራ፣ ማተሚያ ግን በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ስለሚያትም ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ይሁን እንጂ መጥፎ ስክሪን ልዩነቱን ያሰፋዋል፤ የተበላሸውን ባነር ደግሞ የሚከፍለው ደንበኛው ሳይሆን ዲዛይነሩ ነው።

“ታዲያ ግራፊክስ ካርዱስ?” ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ስሙ ግራፊክስ በመሆኑ ለግራፊክስ ሥራ ሁሉ የግድ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ሎጎ፣ ሜኑና ጥሪ ወረቀት የሚሠራ ሰው ይበልጥ የሚደክመው ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ዋጋውን የሚያወጣው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ የሕንፃ ሥዕል በሦስት ገጽታ ለሚሠራና ጌም ለሚጫወት ነው። በእርግጥ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆናችሁ የጌሙን ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የተሠሩትን ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ የተባሉትን ያገለገሉ ላፕቶፖች ብትመለከቱ ይሻላል፤ ክብደታቸውንና የቻርጀራቸውን ግዝፈት ግን ዐውቃችሁ ግቡ።

አራተኛው የንግዱ ወገን ነው። ዲዛይን ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘቡ የት እንደ ገባ የሚነግረን ግን መዝገብ ነው። በከተማችን ለሒሳብ ሥራ እጅግ የተለመደው ፒችትሪ ነው። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቢለውጠውም እኛ ዘንድ የቀድሞ ስሙ አልተወውም፤ ይህም ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ ማክ የሚመክሩንን ሰዎች ሳከብር፣ ለንግድና ለግራፊክስ በአንድ ላይ ለሚያስብ ጀማሪ አልመርጠውም። የማክ ስክሪን ግሩም ነው፤ ኅዳር 2013 ዓ.ም. የወጣው ኤም 1 ፕሮሰሰርም ፈጣን ነው። ሆኖም ራሙ በኋላ አይጨመርበትም፤ የሒሳቡ ፕሮግራምም ሌላ ዘዴ ካልተፈለገ አይገባበትም። አባቶቻችን “እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር” ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

አሁን የወላጆችን ሥጋት ላንሣ። “ያገለገለ ዕቃ ማን አገልግሎበት፣ ለምን እንደ ተወው በምን ይታወቃል?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በገበያችን ስላሽ እየተባሉ ከሚጠሩት ብዙዎቹ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ለጥቂት ዓመታት ሠርተው የተለወጡ ናቸው፤ ድካም ያለባቸውም ይገኛሉ። መፍትሔው ግን መሸሽ ሳይሆን መመርመር ነው። እኔ የተጠቀምሁበት የምርመራ ዝርዝር ይህ ነው። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ራሱ ባትሪ ሪፖርት የሚባል መግለጫ ያወጣል፤ በውስጡ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውና ዛሬ የሚይዘው መጠን ጎን ለጎን ተጽፏል። 50 ይይዝ የነበረው ዛሬ 25 የሚይዝ ከሆነ ግማሽ ዕድሜው ሄዷል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን መቀነስ አለበት። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ሲነሣ ባዮስ የተባለውን ክፍል ክፈቱ፤ በቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ተቆልፎ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። ሦስተኛ፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑን አረጋግጡ፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጥሩውን ፕሮሰሰር ያዘገየዋል። አራተኛ፣ የኪቦርዱን ቁልፎች ሁሉ አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ከጀርመን ወይም ከፈረንሳይ አገር የመጣ ከሆነ የፊደላቱ አቀማመጥ ይለያል። አምስተኛ፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች፣ ካሜራውንና ድምፁን ሞክሩ። ስድስተኛ፣ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ተቀበሉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ የዕቃውን አመጣጥ ሊነግራችሁ አይፈልግም ማለት ነውና ዋጋው ምንም ቢረክስ አትግዙ።

እኔ ይህን ዝርዝር በወረቀት ይዤ ስገባ ከአንዱ ሱቅ ሳቁብኝ፤ “ላፕቶፕ ልትገዛ ነው ወይስ ልትፈትን?” አሉኝ። ሌላው ባለ ሱቅ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሦስት ላፕቶፕ አስከፈተልኝ። የገዛነውም ከዚያ ነው፤ 8ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5፣ አይፒኤስ ስክሪን፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው የቢሮ ላፕቶፕ ሲሆን ራሙን እዚያው 16 ጊጋባይት አስደረግነው። የተረፈንንም ገንዘብ አልበላነውም። የውጭ ሃርድ ዲስክ ገዛንበት፤ ምክንያቱም የደንበኛ ሥራ በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም። የክረምት ዝናብ ከእንጦጦ ሲወርድ ውኃ የማያስገባ ቦርሳም ገዛን። ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም በዚያ ወቅት ታየ፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ፋይሉን ለማስቀመጥና የተጀመረውን ለመጨረስ ጊዜ ይሰጣል። አባቴ ለመጀመሪያው ወር ያህል “ያገለገለ” እያሉ ሲጠሩት ቆዩ። እኅቴ የወሩን ሽያጭ በኤክሴል ደምራ፣ የጥሪ ወረቀቱና የባነሩ ገቢ ከፎቶ ኮፒው መብለጡን ስታሳያቸው ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና “እንግዲህ ለእናትሽ እቁብ በየወሩ ስንት ትመልሻለሽ?” ብለው ጠየቋት።

ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ እርሱም ዕውቀት ነው። ብዙ ጀማሪዎች የተሰበረ ፎቶሾፕ ከማይታወቅ ቦታ እያወረዱ ቫይረስ ያስገባሉ። ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕና ክሪታ ለዲዛይን፣ ሊብረኦፊስ ደግሞ ለቢሮ ሥራ ያለ ክፍያ የሚገኙ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሥራው ሲያድግ የሚከፈልበትን መግዛት ይቻላል። ፊደላችንም ከ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ በማንኛውም ዘመናዊ ኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ ችግር አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲያገለግል ለማድረግ የደከሙትን ድካም ስናስብ፣ የእኛ ዘመን ተማሪ መሣሪያ አነሰኝ ብሎ የሚያማርርበት ምክንያት ጥቂት ነው። እርሳቸው መኪናውን ከሥራው ጋር አስማሙ፤ እኛ የሚጠበቅብን ከተሠሩት መካከል ለሥራችን የሚስማማውን መምረጥ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የኮምፒዩተር ክበባችን በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ ለዚህ ጉዳይ ቢመድብና፣ ላፕቶፕ ሊገዙ ያሰቡ ወላጆች መጥተው ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ቢማከሩ፣ የምርመራውም ዝርዝር በአንድ ገጽ ታትሞ ቢታደል ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት የአንድ ዓመት እቁብ ሊያድን ይችላል። ጓደኞቼም ሆይ፣ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ደብተራችሁን ክፈቱና የምትሠሩትን ሥራ፣ ማን እንደሚከፍላችሁና በስንት ወር ገንዘቡ እንደሚመለስ ጻፉ። ይህን መጻፍ ያቃተው ሰው ላፕቶፕ የሚገዛበት ጊዜ ገና ነው። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይባላልና።